አንቺ በሉኝ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ባለታሪኳን «እሳቸው» የምንልበት ቦታ የለም። ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ ራሷ ናት የከለከለችው። ዕድሜዋ ስልሳ አምስትን ተሻግሯል፣ ጸጉሯ ከግንባሯ ጀምሮ ጥጥ መስሏል፣ መንገድ ላይ ወጣቶች ቆም ብለው ያሳልፏታል። ያም ሆኖ «እሳቸው» ሲሏት ፊቷ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ሰላሳ ዓመት ገደማ ያንን ትልቅ መሪ ስታሽከረክር ኖራ ጡረታ ወጣች። ባልደረቦቿ ያወጡላት ቅጽል ስም «ፍሬን የለሽ» ነው። የማያውቃት ሰው ይህን ሲሰማ አነዳዷን የሚያሙባት ይመስለዋል። አነዳዷስ ሕፃን ያስተኛ ነበር፤ ፍሬን ያጣው አፏ ነው። ፊቷ የቆመው አለቃ ይሁን ትራፊክ፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሳትዘረግፍ አታልፍም። ከአፏ ሌላ አንድ የታወቀ አመል ነበራት፤ መሸነፍ አትወድም። ሴት ልጇን ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ዳማ ስታጫውታት አንድም ቀን አውቃ ተሸንፋላት አታውቅም። ልጅቷ እያለቀሰች ትነሳለች፤ እናት ቆርኪዎቹን እንደገና እየደረደረች «ነይ፣ ድገሚኝ» ትላታለች።

ጡረታ ስትወጣ የከበዳት ሥራ መፍታቱ አልነበረም። የከበዳት ሰው ሁሉ በድንገት ቀስ ብሎ ያናግራት መጀመሩ ነው። ባንክ ገብታ አንድ ነገር ስትጠይቅ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቆራረጠ ያስረዳታል፤ የሷ ጆሮ ግን እንኳን የሰው ንግግር የሞተር ኮሽታም አያመልጠውም። ልብስ ቤት ገብታ ቀይ ሹራብ ስታነሳ ሻጯ ከእጇ ቀበል አድርጋ ግራጫውን ታቀብላታለች። ቀዩን ገዝታ ወጣች። እልህ ይዟት እንጂ ቀይ ያን ያህል እንኳ አትወድም።

የምትኖረው ከልጇ ጋር ነው። ልጇ ፋርማሲስት ናት፤ ሰፈሩ ውስጥ ባለች አንዲት መድኃኒት ቤት ነጭ ጋውን ለብሳ ትውላለች። ዝምተኛ ናት፤ እናቷ የተናገረችውን የሁለቱም ድርሻ አድርጋ የምትቆጥር ዓይነት። ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ ዕድሜ ልኩን በዚያው አውቶቡስ ቲኬት ሲቆርጥ የኖረው ጓደኛዋ ብቅ ይላል። እሱም ጡረተኛ ነው። ሻይ ይጠጣሉ፣ ይነታረካሉ፣ ቴሌቪዥን ያያሉ።

የሚያዩት «አንድ ጣሪያ» የሚባለውን ውድድር ነበር። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ ይዘጋበታል፤ እያንዳንዱ እርምጃቸው በካሜራ ይቀረጻል፤ በየሳምንቱ ጨዋታ ይጫወታሉ። በሳምንቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ነዋሪ እንዲሰናበት የሚፈልገውን አንድ ሰው ይጠራል። ብዙ ጊዜ የተጠሩት ሁለቱ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባሉ፤ ሕዝቡም በስልክ መልእክት አንዱን ያስቀራል፣ አንዱን ያሰናብታል። መጨረሻ የቀረው አሸናፊ ነው። ፍሬን የለሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጨዋታ ከነሱ ጋር ትጫወታለች፤ ይህቺ እንዲህ ማድረግ ነበረባት፣ ያኛው ጅል ነው፣ እኔ ብሆን ገመዱን በግራ እጄ እይዝ ነበር። ቲኬት ቆራጩ አንድ ቀን ሰለቸውና እንዲያ ካወቅሽ ግቢና ተወዳደሪ አላት። ለቀልድ ነበር ያለው።

ምዝገባው ሲከፈት ማስታወቂያው በስክሪኑ ግርጌ አለፈ። ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነና በራሱ የሚተማመን ሁሉ ይምጣ ይላል። እሷ ልጇን ጠርታ አስነበበቻት።

«እዚህ ጋ ምን ይላል?»

«ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ።»

«እኔ ስንት ዓመቴ ነው?»

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ሳቋ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ሰው ምን ይላል፣ ይሳቁብሻል፣ እኔም መድኃኒት ቤት የሚመጣውን ሰው ፊት ማየት ያቅተኛል፣ ብላ ለመነቻት። እናት አልተቆጣችም። ሁሉ ብለው ጽፈዋል፣ ሁሉ ማለት ደግሞ ሁሉ ነው ብላ ቀዩን ሹራብ ለበሰች።

ምዝገባው አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ጸጉሩን ያበጠረ፣ ጡንቻውን ያሳበጠ፣ መስታወት ከእጁ የማይለይ ወጣት ተኮልኩሏል። ጥበቃው እሷን ሲያይ ፈጥኖ መጣና ልጅዎን የሚጠብቁ ከሆነ ወንበር እዚያ ጥላው ሥር አለ አላት። ልጇ ሥራ ላይ እንደሆነች፣ ተወዳዳሪዋ እሷ እንደሆነች ነገረችው። ጥበቃው ወንበሩን አምጥቶ ሰልፉ ውስጥ አስቀመጠላት፤ እሷም አመስግና ወንበሩን ከኋላዋ ለነበረች ነፍሰ ጡር ሰጠችና ቆማ ጠበቀች።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። መሪያቸው የዝግጅቱ አዘጋጅ ናት፤ አርባዎቹን እያገባደደች ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት። ወረቀት ስታነብ መነጽሯን ታደርጋለች፣ ካሜራው ወደሷ ዞር ሲል አውልቃ ጭኗ ላይ ትደብቀዋለች። ስለ ባሏ ጠየቋት። ሞቷል፣ ደግ ሰው ነበር አለች። አሟሟቱን ቢነግሩን አሉ። የሞተበትን ዓመት ነገረቻቸውና የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠበቀች። እንባ እየጠበቁ እንደነበር ገብቷታል፤ ለነሱ ግን የምታፈሰው አልነበራትም።

«እና ለምን መጡ?» አለች አዘጋጇ።

«ለማሸነፍ።»

በጎን የተቀመጠው ወጣት ሳቁን በሳል ሸፈነው። አዘጋጇ አልሳቀችም። የእኛ ተመልካች ወጣት ነው፣ ወጣት ደግሞ ራሱን የሚመስል ሰው ማየት ይፈልጋል አለቻት፤ ክፋት በሌለው ድምፅ። ፍሬን የለሽ መለሰች፤ እኔም ቴሌቪዥን ከፍቼ ራሴን የሚመስል ሰው ስፈልግ ከመድኃኒት ማስታወቂያ ሌላ አላገኘሁም፣ እዚያም ላይ ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ነው የምትታየው አለች። እንደውልልዎታለን ተባለችና ወጣች።

የተደወለው ስትረሳው ነው። ቢሯቸው ጠርተው ሻይ አቀረቡላት፤ አዘጋጇ አንድ ሐሳብ አለን አለቻት። ፍሬን የለሽ «የቤቱ እናት» ሆና እንድትገባ ነበር የፈለጉት። ልጆቹ ሲጣሉ ታስታርቃለች፣ ሲከፋቸው ታጽናናለች፣ አልፎ አልፎም ሾርባ ትሠራላቸዋለች። ጨዋታ ውስጥ አትገባም።

«ማንም አይጠራዎትም፣ አይሰናበቱም። ተከብረው ይቀመጣሉ።»

«የማልሰናበት ከሆነ እንደ ቁም ሣጥኑ ነኛ።»

አዘጋጇ ልታስረዳት ሞከረች። እሷ ሻይዋን ጨልጣ ተነሳች። ወይ እንደ ሰው እወዳደራለሁ፣ ወይ ቤቴ ሆኜ እያየሁ እሰድባችኋለሁ ብላ ወጣች። ልጇ ይህን ስትሰማ እፎይ አለች፤ አበቃ ብላ ነበር።

አላበቃም። ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከተመረጡት አንዱ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ከለከለውና ቀረ። ሌላ ለመምረጥ ጊዜ አልነበረም። ደወሉላት። ልትፈርም በሄደችበት ቀን ኮሪደሩ ላይ ስታልፍ ያ ሳቁን በሳል የሸፈነው ወጣት በተከፈተ በር ውስጥ ለአንዱ ሲያወራ ሰማችው፤ ማሟያ ናት፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሕዝቡ ራሱ ይሸኛታል እያለ ነበር። ይህንን ለቲኬት ቆራጩ ስትነግረው አንጀቱ ተቃጠለ፤ ይህን ሰምተሽ እንዴት ፈረምሽ አላት። በር ከፍተውልኛል፣ መውጫዬን ግን እነሱ አይወስኑም አለችው።

ቤቱ ሰፊና አዲስ ቀለም የሸተተ ነበር። በየግድግዳው መስታወት አለ፣ ከመስታወቱ ኋላ ካሜራ። መኝታ ክፍሎቹ ተደራራቢ አልጋ አላቸው። ገና በሩን ስታልፍ አሥራ አንዱም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ሻንጣዋን አንዱ ወሰደ፣ ጃኬቷን ሌላው ተቀበለ፣ የታችኛው አልጋ ተለቀቀላት። «እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ።» መጥረጊያ ስታነሳ ከእጇ ይነጥቋታል። እሷ ወደ ሳሎን ስትገባ ሳቃቸውን ያቋርጣሉ፤ የጀመሩትን ቀልድ ይውጡታል። ጥሩ ልጆች ነበሩ፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ ግቢው ውስጥ የተዘጋጀ የመሰናክል ሩጫ ነበር። መረብ ይወጣሉ፣ በቀጭን እንጨት ላይ ያልፋሉ፣ ጭቃ በሞላበት ዝቅተኛ ቱቦ ውስጥ በደረት ይሳባሉ፣ ከዚያ የአሸዋ ከረጢት ተሸክመው እስከ መጨረሻው ይሮጣሉ። ልጆቹ ለሁለት ሲከፋፈሉ እሷን ማንም አልጠራትም። የስፖርት አሠልጣኝ የነበረው ጎረምሳ ፊሽካ አመጣላትና እርስዎ ዳኛ ይሁኑልን አላት፤ ትልቅ ክብር እንደሰጣት አምኖ። ፊሽካውን ተቀበለችው። ኪሷ ከተተችውና ሄዳ መነሻው መስመር ላይ ቆመች።

መረቡን ስትወጣ ሌሎቹ እንጨቱ ላይ ነበሩ። እንጨቱ ላይ ስትደርስ ሌሎቹ ጨርሰው ውሃ ይጠጣሉ። ሁለት ጊዜ ወድቃ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቱቦው ጋ ስትደርስ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ፤ በቃዎት እማማ፣ ሙከራዎ ተመዝግቧል አለ። እሷ ጭንቅላቷን ቱቦው ውስጥ ከተተች። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጉልበቷ ድንጋይ ሲነካ ዓይኗ ጭልም ይልባታል። ምሳ ቀርቧል የሚል ድምፅ ሰማች፣ የሰዎቹ ኮቴም ወደ ቤት ሲሄድ ሰማች። አሠልጣኙ ተመልሶ ክንዷን ይዞ ሊያወጣት ሲሞክር እጅህን አንሳ አለችው፤ አነሳ። ከቱቦው ስትወጣ ቀዩ ሹራብ ቀይ መሆኑ ቀርቷል። ከረጢቱን መሸከም አልቻለችም፤ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ እየተራመደች ጎተተችው፤ መስመሩን ያለፈችው በጀርባዋ ነበር።

መጨረሻው ላይ የጠበቀቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሞባይል ጠጋኝ ናት፤ ገበያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አላት፤ ፊቷ አይስቅም፣ ምላሷም ስለታም ነው። እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር።

«በጣም ቀርፋፋ ነዎት» አለቻት።

ፍሬን የለሽ ጭቃውን ከዓይኗ ጠርጋ አየቻት። ወደዚያ ቤት ከገባች ወዲህ እውነት ሲነገራት የመጀመሪያዋ ነበር። ልጅቷን ያን ጊዜ ወደደቻት።

ራት ላይ ሁሉም እንደተቀመጠ ተናገረች። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በሉኝ አለቻቸው።  ከነዋሪዎቹ አንዱ፣ ዳንሰኛ የሆነ ልጅ፣ ይህማ አይሆንም፣ እኛ እንዲህ አላደግንም አለ። እሷም ንዴት በሌለው ድምፅ አስረዳቻቸው።

«እርስዎ ያላችሁትን ሰው አትጋፉትም። አትቀልዱበትም፣ አትሰድቡትም፣ አትሽቀዳደሙትም። አስቀምጣችሁት ትሄዳላችሁ። እኔ መጋፋት ነው የምፈልገው።»

ሞከሩ። ምላሳቸው እምቢ አላቸው። ዳንሰኛው «አንቺ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ፣ ጨው ያቀብሉ… አቀብዪኝ» ብሎ ሲንተባተብ ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም ሳቀች። ግን ማንም አልለመደውም።

በማግስቱ ጠዋት ሞባይል ጠጋኟ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመችና በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። «አንቺ። ዛሬ ዕቃ ማጠብ ያንቺ ተራ ነው። ትናንትም ዘለሽዋል።» አሠልጣኙ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ፍሬን የለሽ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሳች። ዕቃ ለማጠብ እንደዚያ ደስ ብሎት የተነሳ ሰው ያ ቤት አይቶ አያውቅም። ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራቸው መነታረክ ሆነ፤ በአልጋ ተራ፣ በሳሙና፣ በዳማ። በዳማው ልጅቷ ተሸንፋ ተናደደች፣ ደግማ ተሸነፈች፣ ደግማ መጣች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ማንም እሷን ለስንብት አልጠራም። ሁለተኛውም ሳምንት እንደዚያው። ሕዝቡ ያስወጣታል ያሉት ሰዎች ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ ሕዝቡ ጋ የሚያደርሳት ሰው መጥፋቱን ነው። እሷም መቆየቷ ደስ አላት፤ ግን የሆነ ነገር ቅር ብሏታል፣ ምን እንደሆነ ለራሷም ግልጽ አልነበረም።

ግልጽ የሆነላት ቤተሰብ በሚገባበት ቀን ነው። ልጇ አልመጣችም፤ ሥራ ይዟት ነው ተባለ። የመጣው ቲኬት ቆራጩ ነበር፤ ለዚያ ቀን ብሎ ከረባት አስሯል። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰው እንዴት እያያት እንደሆነ ጠየቀችው። አንገቱን አከከ። ሰው ያዝንልሻል አላት። እንዴት ያዝንልኛል? በየቀኑ ስትተኚ ያሳዩሻል አላት፤ ወይ ስትተኚ ነው፣ ወይ ጉልበትሽን ስታሺ ነው፣ ወይ ብቻሽን በመስኮት ስታዪ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ ያስገቡበታል።

«ጭቃውስ?» አለችው።

«የምን ጭቃ?»

 ዓይኗን ከረባቱ ላይ ተከለች። ቲኬት ቆራጩ ሆዷ የባባ መስሎት እጇን ሊይዝ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን እጁን መለሰ። ይህንን ፊት ያውቀዋል። አንድ ጊዜ አለቃቸው ሴት ናት ብሎ እሷን አስቀርቶ ረጅሙን መስመር ለወንዶች ሲያከፋፍል ያየው ፊት ነው። ያን ጊዜ ረጅሙን መስመር እስኪሰጣት ድረስ ቁልፏን አስረክባ የአለቃው ቢሮ በር ላይ ውላለች።

የሳምንቱ ማጠቃለያ እሑድ ከሰዓት በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። የቀጥታ ሥርጭት ላይ ቆርጦ መጣል የለም። ተመልካች አዳራሹን ሞልቶ ተቀምጧል፣ ነዋሪዎቹ በግማሽ ክብ ወንበር ይዘዋል። አቅራቢው ጥርሱ የሚያበራ ጎልማሳ ነው፤ ወደሷ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ እማማ፣ ለነዚህ ልጆች እስቲ አንድ የእናት ምክር ይስጡልን አላት። አዳራሹ ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጀ።

ማይኩን ተቀበለች።

«ምክር አልያዝኩም» አለች። «እኔ የመጣሁት እንደነሱ ልወዳደር ነው። ጭቃ ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ እናንተ አላያችሁም፣ ቆርጠው ጥለውታል። ያያችሁት ስተኛ ነው። እተኛለሁ። እነሱም ይተኛሉ፤ ያኛው እንዲያውም ያንኮራፋል።» ዳንሰኛው አንገቱን ደፋ፤ አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «እዚህ ቤት ከገባሁ አንድም ሰው ለስንብት ጠርቶኝ አያውቅም። አክብረውኝ ነው ይላሉ። የማይሰናበት ተወዳዳሪ ገና አልገባም ማለት ነው። ዛሬ ጥሩኝ።»

አቅራቢው ጆሮው ውስጥ የሚነገረውን እየሰማ ፈገግታው ደረቀ። ጊዜ ለመግዛት ወደ ነዋሪዎቹ ዞሮ ጥሪውን እንዲጀምሩ ጋበዛቸው። የመጀመሪያው ልጅ ሌላ ሰው ጠራ፤ ሁለተኛዋም ሌላ። ሦስተኛዋ ሞባይል ጠጋኟ ነበረች። ተነስታ ቆመች።

«እሷን ነው የምጠራው።»

ከአዳራሹ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዲት ሴት ነውር ነው ስትል ተሰማ። አቅራቢው ልጅቷን እንደሚያድን ሰው ምክንያትሽን ንገሪን አላት።

«ስለምፈራት» አለች ልጅቷ። «ከዚህ ቤት ልታሸንፈኝ የምትችለው እሷ ናት። ቀርፋፋ ናት፤ ግን አትተውም። አብሬያት መጨረሻ ላይ መድረስ አልፈልግም።»

ፍሬን የለሽ በሕይወቷ ብዙ ምስጋና ሰምታለች። ጡረታ ስትወጣ ሰዓት ሸልመዋታል፣ ንግግር ተደርጎላታል። እንደዚህች ልቧን የሞላት ቃል ግን አልነበረም። ቀና ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ ተነሳና እሷን ጠራ። ዳንሰኛውም ጠራት፤ «አንቺን» ብሎ፣ ሳይንተባተብ። ለሕዝብ ድምፅ ከቀረቡት ሁለቱ አንዷ እሷ ሆነች፤ ሌላው ቁመቱ ለግላጋ የሆነ የፋሽን ሞዴል ነበር፣ ብዙ ወዳጅ ያለው።

ቀጥሎ የሆነውን፣ እሷ ቤቱ ውስጥ ተዘግታ ስለነበረች፣ አላየችውም፤ በኋላ ነው የተነገራት። ሰው ጭቃውን አሳዩን ብሎ ጣቢያውን በስልክ አጨናነቀው። ሳይወዱ አሳዩት። ሙሉውን ነበር ያሳዩት፤ ቱቦው አፍ ላይ ካሜራው ብቻውን ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከዚያ የጭቃ ጭንቅላት ብቅ ሲል። ልጇ ይህን ያየችው መድኃኒት ቤት ቆማ ነው፤ ከባንኮኒው በላይ በተሰቀለው ትንሽ ቴሌቪዥን። ሳል መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ይቺ ሴትዮ ማን ናት አለ። ልጅቷ የያዘችውን ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እናቴ ናት አለች። በማግስቱ የመድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ የእናቷን የድምፅ መስጫ ቁጥር በትልቁ ጽፋ ለጠፈች፤ መድኃኒት የሚገዛውን ሁሉ ልከዋል ወይ እያለች ታፋጥጥ ነበር ይባላል። ያቺ ዝምተኛ ልጅ።

ሞዴሉ ወጣ፤ እሷ ቀረች። ከዚያ በኋላ ማንም አላዘነላትም። በየሳምንቱ ጠሯት፣ በጨዋታ ገፏት፣ ያሸነፈችበትም ቀን ነበር፣ ቁጭ ብላ ያለቀሰችበትም። አንድ ጊዜ ደብቃ ያስቀመጠችውን ብስኩት በልተውባት ቤቱን ቀወጠችው። ሕዝቡም የሚወዳትና የሚጠላት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ከሚጠሏት አንዷ ለጣቢያው ደውላ ይህች ሴትዮ ተንኮለኛ ናት፣ ለማሸነፍ የማታደርገው የለም ብላ ተናግራለች። ፍሬን የለሽ ይህንን ሲነግሯት ደስ ብሏት ደግመው እንዲነግሯት ጠይቃለች።

የወጣችው አራት ሰው ሲቀር ነው። አሁንም የጠራቻት ሞባይል ጠጋኟ ነበረች፤ የሕዝቡም ድምፅ አነሰ። በመድረኩ ላይ ለስላሳ ሶፋና መሀረብ ተዘጋጅቶላታል፣ ሙዚቃውም ተከፍቷል። አቅራቢው በደስታ እንደሚሸኟት፣ ይህን ያህል መቆየቷ ራሱ ድል እንደሆነ ነገራት።

«ድልማ አይደለም» አለችው። «ተሸንፌያለሁ። ተናድጃለሁም። ያንን ሙዚቃ አጥፉልኝ።»

አጠፉት። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር፣ ከመድረኩ እስክትወርድ ፊቷ አልተፈታም። ሞባይል ጠጋኟ መጨረሻ ላይ አሸነፈች። ስልክ ደውላ ስታበስራት ፍሬን የለሽ ደስ ብሎኛል፣ ግን ይህ ጨዋታ ይደገምልኝ አለቻት።

በወጣችበት ቀን አዘጋጇ በልብስ መቀየሪያው ክፍል አገኘቻት። መነጽሯን አድርጋለች። ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ ይሁን ልትወቅሳት አልታወቀም፤ ብቻ በር ዘግታ ተቀመጠች። አለቆቿ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ዝግጅቱን «ወጣት ዓይን» ላለው ሰው ሊሰጡት እንዳሰቡ ነገረቻት። ወጣት ዓይን የሚለውን ቃል ለሌሎች ስትናገረው እንደኖረች፣ ሲነገራት ግን ሌላ ሆኖ እንዳገኘችው። ፍሬን የለሽ ጫማዋን እያሰረች አዳመጠቻት።

«እና ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያቸዋለሽ?» አለቻት።

 በዓመቱ አዘጋጇ ያው ወንበር ላይ ነበረች፤ እንዴት አድርጋ እንደቀረች የሚያውቁት እሷና አለቆቿ ናቸው። በዚያ ዓመት ከአሥራ ሁለቱ ተወዳዳሪ መካከል አንድ ጡረተኛ አናጢና አንዲት አምሳ ዓመት ያለፋት ጸጉር ሠሪ ገቡ። የቤት እናት፣ የቤት አባት የሚባል ነገር አልነበረም። አናጢው በሁለተኛው ሳምንት ተባረረ፤ ሰነፍ ነው ተብሎ።

ፍሬን የለሽ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አነጋግሯታል። አንድ ድርጅት ለጉልበት ቅባት ማስታወቂያ ፈልጓት እቢሮው ድረስ ሄዳ ጉልበቷ ደህና እንደሆነ ነግራው ተመለሰች። አንድ ጎማ አስመጪ ደግሞ መጣ፤ እሱን እሺ አለችው። ዛሬ በአውቶቡስ ተራው ትልቅ አደባባይ በተሰቀለው ማስታወቂያ ላይ፣ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ክርኗን አስደግፋ፣ ቁልቁል ሰውን ስታይ ትታያለች። ፎቶውን ያነሳት ልጅ ፈገግ ይበሉ ብሏት ነበር፤ ጎማ መቼ ይስቃል አለችው።

ቲኬት ቆራጩም በዚያው ዓመት ለውድድሩ ተመዝግቦ ነበር። እሷ ከገባች እኔስ ምን ይጎድለኛል ብሎ፣ ያቺኑ ከረባት አስሮ ሄደ። ጥበቃውም ወንበር አላመጣለትም፣ ሰልፍህን ያዝ ነው ያለው። ጠረጴዛው ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፣ መለሰ፣ ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ተደውሎ አልተመረጡም ተባለ። ተኮሳትሮ እሷ ቤት መጣ። ልጇ ሻይ አቀረበችለት። በዕድሜዬ ነው የጣሉኝ፣ ምንም አልተለወጠም፣ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጭቃ የበላሽው ብሎ አማረረ።

ፍሬን የለሽ ምን እንደጠየቁትና ምን እንደመለሰ አንድ በአንድ አስነገረችው። ስለራስህ ንገረን ሲሉት ስለ ቲኬት ዋጋ ታሪክ አውርቶላቸዋል፤ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ፣ በየመስመሩ። አንዱ መልማይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር።

«በዕድሜህ አይደለም የጣሉህ» አለችው፣ ስኳሩን ወደሱ እየገፋች። «አሰልቺ ስለሆንክ ነው። እንደማንኛውም ሰው ነው የወደቅከው።»

ቲኬት ቆራጩ ማንኪያውን ሻይ ውስጥ እያዞረ አሰበበት። መቆጣት እንዳለበት ያውቃል፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ልጅቷ ፊቷን አዙራ በእጇ አፏን ይዛለች።

«እውነት ለዚያ ብቻ ነው?» አላት።

«ለዚያ ብቻ ነው።»

ከረባቱን ፈታ አደረገና ቀና ብሎ ተቀመጠ። ለሚመጣው ዓመት ምን ቢያወራ እንደሚሻል ጠየቃት፤ እሷም የዳማውን ሰሌዳ አውጥታ፣ መጀመሪያ አሸንፈኝ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ አለችው።